የነርስ ኡናይሲ ፊርማ

ኡናይሲ በአንዲት ሩቅ ደሴት ያለች ብቸኛ ነርስ ናት። እናቷ በሳንባ ምች አልጋ ስትይዝ፣ የአምስት ቀን የማስታመሚያ ፈቃድ ጠይቃ፣ የሕክምና ማስረጃውን ራሷ ፈርማ ዋና ከተማዋ ሱቫ ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት ላከች። እዚያ የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው የአጎቷ ልጅ ሴሬማያ ነው። በማግስቱ ደወለላት።

«ለቤተሰብ መፈረም ክልክል ነው። ሌላ ነርስ አስፈርሚ።»

«ሌላ ነርስ በመረብ ላጥምድልህ? እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ እኮ።»

«መመሪያው ለሁሉም ደሴት አንድ ነው።»

«የጻፈው ሰውዬ ጀልባ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። ደግሞስ የታመመችው ያንተው አክስት አይደለችም?»

«እሱ የቤት ጉዳይ ነው። ይሄ የመሥሪያ ቤት ነው።»

ፈቃዱን ስለተከለከለች ንዴቷን ዋጥ አድርጋ፣ ጠዋት የመንደሩን ሰው ቁስል ስታጥብ፣ ቀትር ላይ ሮጣ ለእናቷ የዓሣ ሾርባ ስታጠጣ ሰነበተች። እናቷም እንደምንም ዳነች።

በወሩ መርከቧ ሴሬማያን ለቁጥጥር አመጣችው። ማዕበሉ አንጀቱን ገልብጦት ኖሮ፣ ገና ከመድረሱ ክሊኒኩ ምንጣፍ ላይ ተዘረረ። ኡናይሲ የኮኮናት ውሃ አጠጣችው፤ ላቡንም ጠረገችለት።

«እህት ዓለም» አላት በደከመ ድምፅ፣ «የሦስት ቀን የሕመም ፈቃድ ጻፊልኝ።»

እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች።

«ለቤተሰብ መፈረም ክልክል ነው» አለችው። «ሌላ ነርስ ፈልግ።»