የተቀባይዋ ድምፅ

ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻውን የድምፅ መጨመሪያ እስከ ጥግ ስትገፋው ላፕቶፑ ላይ ያለው አረንጓዴ ምልክት ቢጫ ሆነ፤ ከዚያም ቀላ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ጫን አድርጋ አዳመጠች። ዘፈኑ መጮኹንስ ጮኸ። ነገር ግን ከበሮው፣ ኪቦርዱና የታላቅ እህቷ ድምፅ ጠባብ በር ላይ እንደተጋፋ ሰው ሆነው ማንም ማንንም አላሳልፍ አለ።

"ደረሰ?" አለች ታላቅየው ከወዲያኛው ክፍል።

"ትንሽ ቀርቶታል፣ እትዬ።"

ከጠዋት ጀምሮ ይህን ስትል ሦስተኛዋ ነው። አሁን አራት ሰዓት ሆኗል። ስምንት ሰዓት ላይ እህቷ ሆስፒታል ትተኛለች፤ በማግስቱ አንገቷ ላይ ያለው እጢ ይወጣል። ሐኪሙ ነገሩን አልሸፋፈነም። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ እጢው ሥር ለሥር ስለሚያልፍ፣ ስትነቃ ድምፅዋ እንደነበረ ሊሆን ይችላል፣ ሻክሮም ሊቀር ይችላል። ካልወጣ ግን እጢው ቀስ በቀስ የመተንፈሻ ቧንቧዋን ይዘጋዋል። ይህን ሰምታ ሁለት ቀጠሮ አሳልፋለች። ለሦስተኛው እሺ ያለችው፣ "አንድ ጊዜ ብቻዬን ዘፍኜ፣ የገዛ ድምፄን በጆሮዬ ሰምቼ ነው የምገባው" ብላ ነው።

ብቻዬን ማለቷ ያለ ነገር አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሠርግ ባንድ ተቀባይ ነበረች። ዘፋኙ ፊት ቆሞ ያወጣል፣ እሷ ከኋላ ሆና ትቀበላለች። የራሴ የምትለው አንድ ዘፈን እንኳ የላትም።

የቀረጿት ከሦስት ቀን በፊት ነው። ልብስ ሰፊዋ ገና ያልተጨረሱ የደንበኛ ካፖርቶችና መጋረጃዎች በተሰቀሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይኩን ተክላ እህቷን መሐላቸው አቆመቻት። ጨርቅ ድምፅ ይውጣል፣ ገደል ማሚቶ አያስመጣም። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ጨርቅ የበዛበት ክፍል ስታወራበት እንዴት ዝም እንደሚል ከሥራዋ ታውቀዋለች። ቀረጻውም ጥርት ብሎ ወጣ። ችግሩ ስታዳምጠው ደካማ መሆኑ ነው፤ ስልክ ውስጥ ካሉት የሌሎች ዘፈኖች ጋር ሲተያይ የታመመ ሰው ይመስላል። እሷም እንዲጠነክር ብላ ሁሉንም ስትጨምር፣ ስትጨምር፣ ስትጨምር አረፈደች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መላው ሲጠፋት ኪቦርድ ተጫዋቹ ጋ ደወለች። ከእህቷ ጋር ለዓመታት የሠራ፣ የዘፈኑን አጃቢ ሙዚቃ ተጫውቶ የሰጣቸውና የመቅረጫውን ፕሮግራም ላፕቶፗ ላይ የጫነላት እሱ ነው። የሆነውን ስትነግረው ሳቀ።

"ሁሉንም ነው ከፍ ያደረግሽው?"

"ታዲያ እንዲሰማ ነዋ።"

"ሁሉም ከጮኸማ ማን ማንን ይሰማል? መጀመሪያ ሁሉንም ዝቅ አድርጊው። ከዚያ የእህትሽን ድምፅ ብቻ ለይተሽ አውጪና እዪው።"

"ድምፅ ይታያል እንዴ?"

"መስመር ሆኖ ይታያላ። ለማየትማ ማን እንዳንቺ።"

እንዳላት ሁሉንም አወረደችው። ከኪቦርዱ ወፍራም ወፍራሙን፣ እህቷ ላይ የሚተኛውን፣ ቀነሰችለት። ከዚያ የእህቷን ድምፅ ለብቻው አውጥታ ስፌት እንደምትመረምር ዘርግታ አየችው። ድምፁ ወፈር፣ ቀጠን እያለ እንደ ጥልፍ ጠርዝ ስክሪኑ ላይ ይሄዳል። አንድ ነገር ግን አልጥም አላት። ዘፈኑ ለስለስ በሚልበት ቦታ መስመሩ ወፍራም ነው። እህቷ ከፍ በምትልበት፣ የሰው ጠጉር መቆም ባለበት ቦታ ላይ ደግሞ ክር አክሎ ይቀጥናል።

መጀመሪያ ማይኩን ጠረጠረችው። መልሳ ስትሰማው ግን፣ እህቷ ከፍ ባለች ቁጥር ድምፅዋ ግድግዳ እያናገረች ያለች ይመስል ይርቃል። ይኼኔ ገባት። በየሠርጉ እንግዳ መሐል ተቀምጣ ሃያ ዓመት ያየችው ነገር ነው። እህቷ ከፍ ልትል ስትል ፊቷን ከማይኩ ወደ ግራ ትከሻዋ ታዞራለች፤ የዘፋኙን ድምፅ እንዳትሸፍን። ጥሩ ተቀባይ ያሰኛት፣ ባንዱም የሚወዳት ለዚህ ነው። እዚህ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ፊቷ የቆመ ዘፋኝ አልነበረም። ከካፖርትና ከመጋረጃ በቀር ማንም አልነበረም። ያም ሆኖ ዞራለች።

ልብስ ሰፊዋ ማዳመጫውን አውልቃ ትንሽ አለቀሰች። አንጀቷን በላቻት።

ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ሥራ ጀመረች። እህቷ የዞረችበትን እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እየቆረጠች በልኩ አነሳችው። አንዱ ሲበዛ ትመልሰዋለች፣ ሲያንስ ትጨምርለታለች፤ የተጨማደደ ስፌት ተርትሮ እንደገና መስፋት ማለት ነው፣ ይህን ደግሞ ታውቅበታለች። አርባ ሦስት ቦታ ሠራች። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ነው ጠቅላላውን ከፍ ያደረገችው። በዚህኛው ጊዜ ምልክቱ አልቀላም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

መጀመሪያ ትንፋሽ መጣ። ቀጥሎ እህቷ መጣች። ከሩቅ አይደለም፣ ከጀርባም አይደለም፤ ፊት ለፊቷ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው ዓይኗን ገልጣ ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። ይህን ድምፅ ታዝላ ታውቀዋለች፣ እንቅልፏን የተኛችው በእሱ ነው፤ ሰምታው ግን አታውቅም። ከፍ ሲል ጣሪያው አብሮት ከፍ ያለ መሰላት። ሰውነቷን ውርር አደረጋት። እንዲህ ያለ ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ልብስ ሲያጣጥፍ ኖሯል ለካ! ዘፈኑ ሲያልቅ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

ወዲያው ደግሞ ፈራች። ይህን የሰማ ሰው አንገቱን ለቢላ ይሰጣል? ያልተነካው የመጀመሪያው ደካማ ቅጂ አሁንም አለ። ያንን ብታሰማት፣ "ይኸው ነው? ይህማ ቢቀርስ ምን ይጎዳኛል" ብላ እየሳቀች ትገባለች። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

እህቷ ሻሿን እያሰረች ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። "በይ አሰሚኝ፣ ሚጣ።"

የልብስ ሰፊዋ እጅ ደካማው ቅጂ ላይ ደርሶ ቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላው እህቷን አሳንሶ ሲያሰማ ኖሮ፣ አሁን እሷም ልትደግመው ነው? ማዳመጫውን አጠለቀችላትና አዲሱን ከፈተችው።

ታላቅየው መጀመሪያ ስክሪኑን ታይ ነበር። ዘፈኑ ከፍ ሲል ማየቱን ተወችው። እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ሲያልቅ ድገሚልኝ አለች፤ ተደገመላት።

"ማናት?" አለች በመጨረሻ።

"አንቺ ነሻ።"

"ምን ጨምረሽበት ነው?"

"ምንም። ፊትሽን ያዞርሽበትን ነው የመለስኩት።"

ታላቅየው ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ያንኑ ልብስ ሰፊዋ የፈራችውን ነገር ተናገረች፦ "ይህን ይዤ ነው ቢላ ሥር የምገባው?"

"አዎ፣ እትዬ።" ሌላ ማለት ፈልጋ ነበር፤ ውሸት የሌለበት ማጽናኛ ግን አላገኘችም። "ትንፋሽሽ ከተዘጋ እሱም አይኖርም። እኔ ደግሞ ካንቺ ጋር ነው መኖር የምፈልገው፣ ብትሻክሪም።"

እህቷ ተነስታ ጫማዋን አደረገች። ታክሲ ተሳፍረው ሲሄዱም ልብስ ሰፊዋ፣ እህቷ ትገባ እንደሆነ ወይ ትመለስ እንደሆነ ማወቅ አልቻለችም።

ሆስፒታሉ ውስጥ መዝጋቢዋ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ቀና ሳትል ትጠይቃለች። ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የቅርብ ዘመድ። እህቷ ብዙ ስታወራ ስለሚያማት የምትመልሰው ልብስ ሰፊዋ ናት።

"ሥራ?"

ሁለቱ ያለፉት ቀጠሮዎች ሲያዙ "የቤት እመቤት" ተብሎ ተጽፏል፤ እንደዚያ በይ ያለቻትም ራሷ ታላቅየው ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ያንኑ ልትል አፏን ስትከፍት እህቷ በትከሻዋ ገፋ አድርጋት ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

"ዘፋኝ" አለች። "ዘፋኝ ብለሽ ጻፊልኝ።"

መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየቻትና ጻፈች። እህቷ መጻፉን በዓይኗ እስክታይ ጠበቀች። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብላ የፈቃዱ ወረቀት ላይ ፈረመች።