የ«መብረቄ» ጌም ጠንካራና ደካማ ጎን

ሲሞን ጌሙን የጨረሰው ፊልሙ ሊመረቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ፊልሙ «መብረቄ» ይባላል፤ ዲላ ላይ በዲላ ልጆች የተሠራ፣ በሰማይ እየበረረ ሌባ የሚያሳድድ ጀግና ያለበት ነው። ዳይሬክተሩ ሙሌ ከፊልሙ ጋር አብሮ የሚወጣ የሞባይል ጌም ፈለገና ሥራውን ለሲሞን ሰጠው። ምርቃቱን የሚደግፈው እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ስለሆነ ጌሙ በኮሚቴ ተገምግሞ ማለፍ ነበረበት። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ካለፈ ሲሞን መድረክ ላይ ይወጣል፣ ሙሌም ለሚቀጥለው ሥራ አዲስ አበባ ይዞት ይሄዳል። ከወደቀ ወደ ትውልድ ገጠሩ ኮንጋ፣ ወደ አባቱ የቡና ማሳ ይመለሳል።

እኔና ሲሞን የኮንጋ ልጆች ነን። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ የቡና ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ወደቅኩ፤ ጎትቶ ያወጣኝ እሱ ነው። ነፍሴን አተረፈልኝ፣ ስሜን ግን ወሰደብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈለቀ የሚለኝ ሰው ጠፋ፤ አገሩ ሁሉ «ሲሞን ያወጣው» ይለኝ ጀመር። ዲግሪዬን ይዤ ስመለስ እንኳ አንዲት አሮጊት ጉንጬን ስመው፣ ሲሞን ያወጣው አንተ ነህ ወይ አሉኝ። ውለታ በውለታ ይመለሳል ይባላል። እኔ ግን ጠላሁት። ይህን ከአሁኑ የምናገረው ኋላ ተደብቆ ነበር እንዳትሉኝ ነው።

ከግምገማው አምስት ቀን በፊት ሲሞን ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ፤ ከሰው ሁሉ አስቀድመህ አንተ ተጫወተው አለኝ። ተጫወትኩት። እውነቱን ለመናገር፣ በረራው ልብ ይሰርቃል። ከዲላ መናኸሪያ ተነስተህ አስፋልቱን ተከትለህ ወናጎ ድረስ ትበራለህ፤ ዝቅ ስትል የእንሰቱ ቅጠል ይተኛል፣ ዝናብ ሲጀምር ቆርቆሮው ሲንኳኳ ይሰማል። ባጃጆቹ እንኳ እንደ እውነቶቹ ያለ ምልክት ይታጠፋሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከስልኩ ላይ አልተነሳሁም።

ጉድለትም ነበረው። ሌቦቹ ሁሉ አንድ ፊት ናቸው። መብረቄ ስለማይደክምና ስለማይቆስል አትፈራለትም፤ ለማይፈሩለት ጀግና ደግሞ ማን ይጨነቃል? ታሪኩ የፊልሙ ታሪክ ስለሆነ ፊልሙን ያየ ሰው መጨረሻውን ያውቀዋል። መጨረሻው ደግሞ ተቆርጦ የቀረ ይመስላል፤ ሙሌ የፊልሙን ማለቂያ ሦስት ጊዜ ሲቀይርበት ሲሞንም ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሠርቷል፣ የመጨረሻውን ለመጨረስ ግን ጊዜ አልበቃውም።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ራሴን አገኘሁት። ቡና ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አንድ ሰው እጁን እያወራጨ ይጮኻል፤ ሸሚዙ የእኔ ሸሚዝ፣ ፊቱ የእኔ ፊት። መብረቄ ሲያወጣው «ወንድሜ፣ ደረስክልኝ» ይላል። ከዚያ እንደገና ይወድቃል። ሲሞን ጎኔ ተቀምጦ እየሳቀ፣ አንተን ለማስታወሻ ላስቀምጥህ ብዬ ነው አለኝ። ከልቡ ነው። ክፋት ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅሁና ምሳ ጋበዝኩት።

ምሳ ላይ ግምገማ ምን እንደሚመስል ጠየቀኝ። ቢሮ የሠራ ሰው ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ባለጉዳዩ ግለ ሂስ ያደርጋል። ደካማ ጎንህን ተናገር ሲባል ማንም ደካማ ጎኑን አይናገርም። ሥራ ስለማበዛ ለቤተሰቤ ጊዜ አልሰጥም ይላል፤ ሰብሳቢዋም ይህን አሻሽል ትለዋለች፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይበተናል። ሲሞን አንድ ቀን እንኳ ቢሮ ሠርቶ አያውቅም። እኔም አንዲት ጉድለት ሳትደብቅ ጽፈህ አንብብ፣ ኮሚቴው ሐቀኛ ሰው ይወዳል፣ በሌላ ሰው ማሳበብ ግን ያስጠላል አልኩት። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው ብዬም ተረትኩለት። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

በግምገማው ቀን ሰብሳቢያችን ወይዘሮ አሰገደች፣ ግለ ሂስ ካለህ ጀምር አሉት። ሲሞን ተነስቶ አሥራ ዘጠኝ ጉድለት አነበበ። ሌቦቹ ፊታቸው አንድ መሆኑን፣ መጨረሻው መቆረጡን፣ ርካሽ ስልክ ላይ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም፣ ሁሉንም። አንዱንም በሙሌ አላሳበበም። ሙሌም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካ ነበር፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ ነገሩ ይለወጥ እንደነበር እኔም እሱም እናውቃለን። ወይዘሮ አሰገደች ደነገጡ። እሳቸው በሃያ ዓመት ግምገማ እንዲህ ያለ ሰው አይተው አያውቁም።

አንዱ አባል፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ በረራው ግን እጅግ ያምራል፣ ልጆቼ ከእጄ ነጠቁኝ አለ። ቶሎ ብዬ እጄን አወጣሁና፣ ሠሪው ራሱ አልበቃም ያለውን ሥራ እኛ በቅቷል ብንል ነገ ተጠያቂው ማነው አልኩ። ተጠያቂ የሚለውን ቃል ቢሮ ውስጥ የማይፈራው የለም። መምህሩ ፊቱ ያለውን ወረቀት መገልበጥ ጀመረ። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የሲሞን አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ቃለ ጉባኤው ላይ በእኔ እጅ ቁልጭ ብሎ ሰፈረ።

ደንቡ ጠንካራ ጎንም ይጻፍ ስለሚል አንድ መስመር ክፍት ነበር። በረራውን መጻፍ እችል ነበር። «በተባለው ቀን አስረክቧል» ብዬ ጻፍኩ። ጌሙ ከፊልሙ ጋር እንዳይወጣ ተወሰነና ሲሞን እንዲፈርም ወረቀቱን ሰጠሁት። ቀስ ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ባትሪ ቶሎ እንደሚጨርስ ዘንግቼ ነበር፣ እሱንም ጨምርልኝ አለኝ። ሃያኛ አድርጌ ጨመርኩለት። ፈረመ።

ፊልሙ ተመረቀ። እኔ ከፊት ረድፍ ተቀምጬ አጨበጨብኩ፤ ሲሞን አልመጣም። በሳምንቱ ሙሌ ደውሎ፣ እባክህ ኮሚቴው እንደገና ይየው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለኝ። ውሳኔው የመጨረሻ ነው ብዬ ዘጋሁት። ለወይዘሮ አሰገደች አልነገርኳቸውም።

ከአራት ወር በኋላ ለሥራ ኮንጋ ሄድኩ። ሲሞን የቡና ማድረቂያ አልጋው ጎን ቆሞ ብልሹውን ፍሬ ይለቅማል። ሲያየኝ እጁን በሱሪው ጠርጎ መጣና አቀፈኝ። ላፕቶፑን ለእህቱ እንደሰጣት፣ ጌሙንም ከነሥራ ፋይሉ እንዳጠፋው ነገረኝ። ሁሉንም ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ ሁሉንም አለኝ። ያ በረራ፣ ያ የሚተኛ ቅጠል፣ ዓለም ላይ የትም የለም ማለት ነው። አንተ ከሁሉም የተሻልክ ነበርክ፣ ያጠፋሁህ እኔ ነኝ ማለት ፈልጌ አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ቀደመኝ።

«ሌላ ሰው ቢሆን አጨብጭቦ ይተወኝ ነበር» አለኝ። «ችሎታው እንደሌለኝ በጊዜ ያሳየኸኝ አንተ ነህ፤ አለበለዚያ ዕድሜዬን በከንቱ እጨርስ ነበር። ጌታ ይባርክህ ፈለቀ።»

በስሜ ጠራኝ። እኔም አሜን አልኩና ወደ መኪናው ተመለስኩ።