በጠባቧ በር የቆመ አማች

ጉዱን ሁሉ ያመጣው ያ ጋቢ ነው። በሚያዝያ ሙቀት፣ ባሕር ዳር ገና በጠዋቱ መፋጀት በምትጀምርበት ወር፣ ጃኬት ላይ ጋቢ ደርቦ ጀልባ የሚሳፈር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደሞዝ ተሳፈረ። ጋቢው ደግሞ የራሱ እንኳ አይደለም፤ ከጎረቤት የተዋሰው፣ ሁለት ሰው ጠቅልሎ የሚተርፍ ነው። ደሞዝ ራሱ ሁለት ሰው የሚያህል ባይሆን ኖሮ ሳይሰፋበት አይቀርም ነበር።

“ኧረ ሙቀቱ ይገድልሃል!” አለችው ሚስቱ መቅደላዊት፣ ወደ ጀልባው ሲወርዱ በሹክሹክታ።

“ይግደለኝ። አባትሽ ዛሬ እንኳ ወግ ያለው ሰው መሆኔን ይዩልኝ።”

አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ከፊት ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋቸው ሐይቁን ያያሉ። ጎርጎራ አጠገብ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ባሕር ዳር የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው፤ ሞራው ተገፎላቸው ደህና ማየት ጀምረዋል። አማቻቸውን ግን ለማየት የፈለጉ አይመስሉም። ያረፉት የወንድማቸው ልጅ ቤት ነው። መቅደላዊት በየቀኑ በምሳ ዕቃ ምግብ ትልክላቸዋለች፤ ምሳ ዕቃው እንደተዘጋ ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ ደሞዝም ሳሎን ተቀምጦ እንዳልሰማ ይሆናል። ነገ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው። እነደሞዝ ቤት ሳይገቡ፣ እህላቸውን ሳይቀምሱ ከሄዱ፣ ከእንግዲህ መቼም አይሆንም። ደሞዝ ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው በጋቢው ውስጥ ከሙቀቱ ይልቅ ፍርሃቱ የሚያልበው።

የጠቡ መነሻ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ናዝሬት ተወልዶ ያደገውና እዚህ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ የሆነው ደሞዝ መቅደላዊትን ሊያገባ ፈለገ። መንገዱ ተዘግቷል፣ የጎርጎራ ጀልባም ቆሟል። ታዲያ ምን አደረገ? ከመሥሪያ ቤቱ ሦስት ሽማግሌዎች ለምኖ ቤቱ ሰበሰበና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፈተው። ሽማግሌ በስልክ! እሱስ ይሁን። መሪጌታ ከወዲያ ማዶ፣ “ቆማችኋል?” ብለው ጠየቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የዋህ ሰው፣ ለስላሳውን እየጠጣ፣ “የለም መሪጌታ፣ ሶፋ ላይ ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተመችቶናል” አላቸው።

እንግዲህ ሽማግሌ ልጅ ለመለመን ሲሄድ የልጅቱ አባት እሺ ብሎ “ተቀመጡ” እስኪለው ድረስ እንደማይቀመጥ የማያውቅ ማን አለ? እነሱም ያውቃሉ። ሶፋ አዘናጋቸው።

“እኔ ሳልፈቅድ ከተቀመጣችሁማ ምን ልትለምኑኝ ደወላችሁ?” አሉና ስልኩን ዘጉት። ጋብቻው በማዘጋጃ ቤት ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ መሪጌታ ልጃቸውን በስልክ ያናግሯታል፤ የደሞዝ ስም ግን “ያ ሰውየ” ሆኖ ቀረ።

ዛሬ አብረዋቸው የመጡት ስለ ዋሻው ብለው ነው። ድሮ አንድ ባሕታዊ ይቀመጡባት ነበር የምትባል ትንሽ ዋሻ ሐይቁ ዳር አለች፤ የአካባቢው ወጣቶች ተደራጅተው ለጎብኚ ከፍተዋታል። “ዓይኔ ከተከፈተ አይቀር እሷን አይቼ ልሂድ” ብለው ነበር መሪጌታ።

ጀልባው ውስጥ ሌላ አንድ ጎብኚ አለ፤ ጋሽ አዘዘ ይባላል፣ ከዱርቤቴ የመጣ ጡረተኛ። ዝም ማለት አይሆንለትም። “ወንድሜ፣ ወባ ይዞሃል እንዴ?” አለው ደሞዝን፣ ጋቢውን እያየ። ደሞዝ ላቡን ጠርጎ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ክንዱ የሚባለው አስጎብኚ በዋሻው አፍ ተቀበላቸው፤ ባትሪ ሰጣቸውና እየመራ አስገባቸው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ የሌሊት ወፍ ይሸታል፣ ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይላል። ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮኽ ድንጋይ አሳያቸው፤ ባሕታዊው ይተኙበት ነበር የሚባለውን መደብ አሳያቸው። መሪጌታ በእያንዳንዱ ድንጋይ ፊት እየቆሙ፣ “ዕፁብ ነው!” ይላሉ። ደሞዝም ከኋላቸው፣ “በጣም እንጂ!” ይላል። ዘወር ብለው አላዩትም።

መጨረሻ ላይ ግድግዳው ተሰንጥቆ ቀጭን መተላለፊያ ካለበት ቦታ ደረሱ።

“ይቺ ጠባቧ በር ትባላለች” አለ ክንዱ። “ከወዲያ ሰፊ ክፍል አለ። ኃጢአተኛ አታሳልፍም ይባላል!” ለጎብኚ ሁሉ የሚላት ቀልድ ናት። ጋሽ አዘዘ ሳቀ፣ መቅደላዊት ፈገግ አለች፣ ደሞዝ ግን ምራቁን ዋጠ።

“ጋሼ፣ ጋቢውን ቢያወልቁት ይሻላል” አለው ክንዱ።

“ለምን? ደህና ነኝ።”

ክንዱ ቀድሞ ሾልኮ አለፈ። መሪጌታም ከሲታ ስለሆኑ በጎናቸው ዞር ብለው ያለ ችግር አለፉ። ከዚያ ደሞዝ ገባ። ሆዱን ሳበ፣ ትከሻውን አጠበበ፣ ግማሽ ድረስ ሄደና፣ ቀጥ!

ወደ ፊት ቢል እምቢ፣ ወደ ኋላ ቢል እምቢ። ጋቢው ሁለት እጁን ከጎኑ ጋር ጠፍሮ ይዞታል፤ በወገቡ በኩል ተጠቅልሎ ድንጋዩ ላይ ተወትፏል።

“ምንድን ነው፣ መንገድ ተዘጋ እንዴ?” ሲል ጮኸ ጋሽ አዘዘ ከኋላ፤ ከመቅደላዊት ጀርባ ቆሟል። “ልግፋው?”

“እንዳትገፋኝ! በማርያም!”

ደሞዝ አለቀለት። እንኳን ሰው፣ ድንጋይም መሰከረብኝ፣ አለ በልቡ። ነገ መሪጌታ ጎርጎራ ሲገቡ “ያን ሰውየ ዋሻም አላሳልፍ አለው” ሊሉ ነው። ዓይኑ ውስጥ ላብ ይገባል፣ መጥረጊያ እጅ እንኳ የለውም። ማልቀስ አማረው።

መሪጌታ ተመለሱ። ባትሪያቸውን ፊቱ ላይ አበሩበት። በሦስት ዓመት ውስጥ ፊቱን ትክ ብለው ሲያዩት ይህ መጀመሪያው ነው።

“በዚህ ሐሩር ጋቢ ያለበሰህ ማነው?”

“ለእርስዎ ብዬ ነው፣ አባቴ። ወግ አያውቅም እንዳይሉኝ።”

መሪጌታ ባትሪያቸውን ዝቅ አደረጉ። ከመተላለፊያው አፍ አጠገብ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“አሁን ቆመሃል ወይስ ተቀምጠሃል?”

ክንዱ ግራ ገብቶት አያቸው። ደሞዝ ግን ወዲያው ገባው።

“ቆሜያለሁ፣ አባቴ።”

“መቀመጥስ ትችላለህ?”

“ብፈልግም አልችልም።”

“ደግ። ሽማግሌ አለህ?”

ደሞዝ ምን ይበል? ገና አፉን ሲከፍት ከኋላ ድምፅ ተሰማ። “አለሁ! እኔም ቆሜያለሁ መሪጌታ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው!”

“አንተ ደግሞ ማነህ?”

“አዘዘ ነኝ፣ ከዱርቤቴ። ልጁን ዛሬ ነው ያየሁት። ግን ከጀልባው ጀምሮ ለእርስዎ ሲል በላብ ሲጠመቅ አይቻለሁ። የእግዜር ሰው ነው፣ ይማሩት!”

“በል፣ ምን ፈልገህ መጣህ?” አሉት መሪጌታ ደሞዝን።

ሲያጠናው የከረመው ንግግር ነበረው፤ አንዱም አልመጣለትም። “ልጅዎን ፈልጌ ነው” አለ። “አጥፍቻለሁ። መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ ነበረብኝ፣ ቸኮልኩ።”

“ከተከፈተ ወዲያስ?”

“ፈራሁ፣ አባቴ። ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። ምሳ ዕቃው ሳይነካ ሲመለስ እሷ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፤ እኔም ሰምቼ ዝም እላለሁ። ከእንግዲህ አልችልም። ቤታችን ይግቡልን። እህላችንን ይቅመሱልን።”

ሽማግሌ ሲለምን ልጅቱ ቃል አይወጣትም። መቅደላዊት ግን የጋቢውን ጫፍ ከኋላ ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች።

“ትናንት ምሳ ዕቃውን ከፈትሁት” አሉ መሪጌታ ዝቅ ባለ ድምፅ። “የዓሣ ወጥ ነው። እናቷ እንደምትሠራው ነው የሠራችው። አሸተትሁና መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ባይኔ አልዞረም። እኔ እኮ ሰው ቆሞ ይለምነኝ ብየ ደጅ ደጁን ሳይ ነው የከረምሁት። የሚመጣ ጠፋ እንጂ፣ እምቢስ አልልም ነበር።”

“ይቺ በርስ፣ አባቴ? ኃጢአተኛ አታሳልፍም እኮ…”

“ኧረ ተወኝ! ድንጋይ ኃጢአት ብታውቅ እኔን መች ታሳልፈኝ ነበር? የያዘህ ጋቢው ነው!”

ተነሥተው የጋቢውን ጫፍ ያዙ። “ልቀቂው፣ አንቺ!” አሏት ልጃቸውን። መሪጌታ ሲስቡ፣ ደሞዝ ሲንፏቀቅ፣ አንድ ቦታ ላይ የመቀደድ ድምፅ ተሰማና ደሞዝ ወዲያ ማዶ ወጣ። ሰፊው ክፍል ውስጥ አየር በረጅሙ ሳበ።

“ጋሼ፣ ተቀመጡና ትንሽ ይረፉ እንጂ” አለው ክንዱ፣ መደቡን እያሳየው።

“አልቀመጥም” አለ ደሞዝ።

ቀጥ ብሎ ቆመ። መቅደላዊት አለፈች፤ አየችውና አጠገቡ ቆመች። ጋሽ አዘዘም እያለከለከ አለፈ፤ ወገቡን ይዞ፣ እሱም ቆመ።

መሪጌታ በአዲሱ ዓይናቸው አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ በዚያው በተውሶ ጋቢ የመደቡን እርጥበት እየወለወሉ፣ አጠገባቸው ቦታ አበጁ።

“ተቀመጥ፣ ልጄ። ሁላችሁም ተቀመጡ። እራት ግን ዓሣው ከሌለ አልመጣም።”

ደሞዝ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። መቅደላዊት እልልታዋን ስታቀልጠው የሌሊት ወፎቹ ከጣሪያው ግር ብለው ተነሡ። ክንዱ የጉብኝቱ ሰዓት ማለቁን ደጋግሞ ተናገረ፤ ከሰዎቹ ግን የሚነሣለት አላገኘም።