እትዬ ምስማርና የታፈነው ጊታር

ሶፋ የምታለብሰውን ሴትዮ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ምስማር» ይላታል። ሥራ ላይ ስትሆን ምስማር በከንፈሯ ስለምትይዝ ነው የሚሉ አሉ። ምስማሩን ተፍታ የምትናገረውን የቀመሱ ግን ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ያውቃሉ።

ያን ሰሞን አንድ ነገር ከነከናት። ከሥራ ቤቷ ጀርባ ባለችው ክፍል አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ፣ ቀጮ፣ ጊታር ትመታለች። ድሮ ስትመታ ክሩ ድንንን ብሎ ግድግዳውን አልፎ ይመጣ ነበር። አሁን ግን ቶክ፣ ቶክ፣ ቶክ፤ ባዶ ሳጥን የሚያንኳኳ ሰው ይመስል። ቀጥሎ አንዴ ድንንን፣ ከዚያ እርግማን፣ ከዚያ እንደገና ቶክ።

እትዬ ምስማር ጨርቅ እየወጠረች ልትታገስ ሞከረች። ትዕግሥትና እሷ ግን ዝምድና የላቸውም። መዶሻዋን እንደያዘች ገባች።

«ምን እያደረግሽው ነው? እየታነቀ ያለ ነገር ይመስላል እኮ!»

«እያፈንኩት ነው፣ አክስቴ።»

«ማንን?»

«ጊታሩን። የባንዳችን ድራም መቺ ነው ያዘዘኝ። ‹አንቺ ስትመቺ ሌላ ሰው አይሰማም። ለቅሶ ቤት ገብታ፣ ሟቹን ረስታ፣ ስለ ራሷ የምታወራ ሴት ትመስያለሽ› አለኝ። እስከ ቅዳሜ ማፈን ካልቻልኩ ቦታዬን ለሌላ ልጅ ይሰጠዋል።»

ይህን ስትል ድምጿ ቀጠነ። አይፈረድባትም። ሌሎቹ ባንዶች ጊታሩን ከቦርሳው እንኳ ሳታወጣው «እኛ ሴት የምንፈልገው ለዘፈን ነው» እያሉ መልሰዋታል። ያስገባት ይሄኛው ባንድ ብቻ ነው።

«ጉድ እኮ ነው!» አለች እትዬ ምስማር። «የሚዘፍን ነገር ገዝቶ አፉን መዝጋት! ዝም እንዲል ከሆነ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም?»

«ዝም እንዲል አይደለም፣ እንዲያጉረመርም ነው። ይኸውልሽ፣ እዪ።» ቀጮ ከትንሿ ጣቷ በታች ያለውን የመዳፏን ጠርዝ፣ ክሮቹ ከጊታሩ ሆድ ጋር በሚታሰሩበት ብረት አጠገብ አሳረፈች። በዚያው እጇ በያዘቻት መምቻ መታችው። «እዚህ ጋ ሲሆን ይጮሃል። ትንሽ ወደ ፊት ሳልፍ ደግሞ ይሞታል። መሀሉ ላይ ዱግ፣ ዱግ ይላል። እሱን መሀል ነው ያጣሁት።»

«እስቲ አምጪው።»

እትዬ ምስማር ጊታሩን ጭኗ ላይ አጋድማ መዳፏን ጣል አደረገችበት። ያ መዳፍ ስንት ሶፋ ያስተኛ መዳፍ ነው፤ ክሩን ሁሉ ዋጠው። ቶክ።

«ዱዳ ነው» ብላ መለሰችላት። መቼም ጥፋቱ የእሷ ሊሆን አይችል።

ነገሩ ግን አልዋጥ አላት። ወደ ሥራዋ ተመልሳ ስፖንጅ ስትቆርጥ መቀሷ በድንገት ቆመ። ከቁራጩ ላይ እንደ ጣት የቀጠነች ቅዳጅ ቆረጠችና ሮጣ ገባች። ብረቱ አጠገብ ከክሮቹ ሥር ወሸቀችው።

«በይ ምቺ። እጅሽን አታስጠጊ።»

ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ።

ቀጮ አፏን ከፍታ ቀረች። «አክስቴ!»

«ሰው ሁሉ በመዳፉ ሲታገል፣ አንድ እንኳ ስፖንጅ ያሰበ የለም?» አለች እትዬ ምስማር። አንገቷ በኩራት ረዘመ። ምን አለፋችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ቀጮ መዳፏን ተወችው። ስፖንጅ እያለ ማን ይደክማል?

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። «ጊታሩን ላግዝሽ» ብላ ነው የተከተለቻት፤ እውነቱ ግን የድራም መቺውን ፊት ማየት ፈልጋ ነው። ልምምዱ ከጎማ ቤት በላይ ባለ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል። ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ ሶፋ አየችና «ይሄን ያለበሰው ሰው ከፈጣሪው ጋር ተጣልቷል» አለች። ቤዝ ጊታር የሚመታው ወፍራሙ ሰውዬ ሳቀና ወንበር ሰጣት።

ጀመሩ። ዘፋኟ ለስለስ አድርጋ ገባች፣ ከሥሯ ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ። ድራም መቺው በፈገግታ ራሱን ነቀነቀ። እትዬ ምስማር ያንን ፈገግታ ለራሷ ወሰደችው።

አዝማቹ ደረሰ። ዘፋኟ ድምጿን ለቀቀች፤ ሁሉም አብሮ ተነሳ። ጊታሩ ብቻ ዱግ፣ ዱግ።

«ክፈቺው!» ብሎ ጮኸ ድራም መቺው።

ቀጮ በኃይል መታች። በኃይል ዱግ አለ።

«ልቀቂው እንጂ!»

ስፖንጁን ልታወጣ ብትጎትት ክሩ ሥር ተቀርቅሮ እምቢ አላት። ሙዚቃው ተንጠባጥቦ ቆመ። ድራም መቺው ዱላዎቹን አስቀምጦ መጣ፤ ስፖንጁን መዥርጦ አወጣና እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጮ አንገቷን ደፋች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሶፋ ስፖንጅ ነው» አለች እትዬ ምስማር ተነስታ። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ንጹሕ ነው፤ ምን ያጸይፍሃል?»

«እትዬ፣ አፈናውስ ጥሩ ነበር። ግን ስፖንጅ አዝማች መድረሱን አያውቅም።»

እትዬ ምስማር መልስ ነበራት፤ አጥታም አታውቅ። ዛሬ ግን ከመልሱ ይልቅ ጥያቄው በለጠባት። «ታዲያ የሚታፈነው ሊለቀቅ ነው?»

«ሊለቀቅ ነው» አለ ድራም መቺው። ወደ ቀጮ ዞረ። «ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። አንዴ በእጅሽ እንሰማሻለን። ካልሆነ ለዚያኛው ልጅ እደውላለሁ።»

በሩ ሲዘጋ ቀጮ ፈነዳች። «አንቺና ስፖንጅሽ!»

«ስድቡን ቤት ስንደርስ ትጨርሺዋለሽ። አሁን እጅሽን አሳዪኝ።»

ቀጮ መዳፏን አሳረፈችና መታች። ቶክ። እትዬ ምስማር አፍንጫዋ ክሩን እስኪነካ ጎንበስ ብላ አየች። የልጅቷ የእጅ አንጓ ግትር ብሏል፣ መዳፏ ነጥቷል። ሌባ የያዘች ነው የምትመስለው። ዞር ስትል ዓይኗ አሮጌው ሶፋ ላይ አረፈ።

«ነይ እዚህ። የዚህ ስፖንጅ አልቋል ወይስ አላለቀም?»

«አሁን ስለ ሶፋ ነው የምታወሪው?»

«እዪልኝ አልኩ!»

ቀጮ ሥራ ሲበዛ አክስቷን ታግዛለች። ሳታስብ የመዳፏን ጠርዝ ሶፋው ላይ ጣል አደረገችና ጠበቀች። «አልቋል።»

«ተጫንሽው?»

«ኧረ! ከተጫንኩትማ ምን ይነግረኛል? አሳርፌው መልሶ ሲገፋኝ…» ንግግሯን አቋረጠችና እጇን አየችው። ጊታሩን አነሳች። ያንኑ እጅ፣ በዚያው አኳኋን፣ ብረቱ አጠገብ አስተኛችው።

ዱግ።

ቀጥሎ ቶክ። ቀጥሎ ዱግ፣ ዱግ።

ሰዎቹ ተመለሱ። ዘፋኟ ገባች፣ ዱግ፣ ዱግ፣ ቶክ፣ ዱግ። ድራም መቺው ፊቱን ቋጠረ፣ ግን አላቆመም። አዝማቹ ሲመጣ የቀጮ እጅ ከክሩ ላይ ተነሳ፤ ለጥቂት ዘግይቶ፣ ግን ተነሳ። ድንንንን! የእንቁላል ካርቶኑ የተንቀጠቀጠ መሰለ። ዘፋኟ እየዘፈነች ዞራ አየቻት። አዝማቹ ሲያልቅ እጇ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ እንደገና ዱግ።

«ዘግይተሻል» አለ ድራም መቺው ሲጨርሱ። «መሀል ላይም ደጋግሞ ሞቶብሻል።»

«አውቃለሁ።»

«የሚመጣው ቅዳሜ እዚህ ጋ፣ ከቤዝ መቺው አጠገብ ትቆሚያለሽ። እጁን እያየሽ ትማሪያለሽ።» ከዚያ ወደ እትዬ ምስማር ዞረ። «እርስዎም ስፖንጅዎን አይርሱ።»

«ሶፋህ ውስጥ ክተተው፤ ከጊታሩ ይልቅ እሱ ችግረኛ ነው።»

ሰኞ ጠዋት አንዲት ደንበኛ ወንበሯን ልትወስድ ብትመጣ ሥራ ቤቱ ውስጥ መዶሻ አይሰማም። ያልለበሰው ወንበሯ ላይ እትዬ ምስማር ጊታር ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ምስማሮቹ በከንፈሯ፣ መዳፏ ክሩ ላይ።

ቶክ። ቶክ።

«እትዬ፣ ወንበሬስ?»

እጇን አነሳች፣ በጥቂቱ ወደ ኋላ መለሰችና አሳረፈችው። ዱግ።

ምስማሮቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። «ሰማሽው?» አለች። «ቆይ፣ አትሂጂ። አሁን ደግሞ ልልቀቀው።»