የተገዘተው ራውተር

ቄስ ትእዛዙ ራውተሩን የገዘቱት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ራውተሩ ሳሎን ውስጥ፣ ከአባቴ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሥር፣ ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሎ አረንጓዴ መብራቶቹን ያርገበግባል። ቄሱ መስቀላቸውን ወደ እሱ አቅንተው፣ «ነገሩ በሽማግሌ እስኪታይ ድረስ፣ አንተም አንቺም ይህን ዕቃ እንዳትነኩ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻችኋለሁ» አሉ። እናቴ ወለተ ሰንበት አማተበች። ታላቅ ወንድሜ ምንዋጋው ጎንበስ ብሎ መስቀሉን ተሳለመ፤ እኔም ተከትዬው ተሳለምኩ። ቀና ስል ፈገግ ብሎ አየሁት።

ለምን ፈገግ እንዳለ ገብቶኛል። በሩ ተቆልፎ ሳለ «በሩን ማንም አይንካ» ከተባለ፣ የሚጠቀመው ቁልፉ በኪሱ ያለው ሰው ነው።

ጊዜው የ2001 ዓ.ም. ሰኔ ነበር። ሰቆጣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር፤ የምኖረውም ከወላጆቼና ከምንዋጋው ጋር ነው። ያኔ በሰቆጣ ቤቱ ድረስ ኢንተርኔት ያስገባ ሰው በጣት ይቆጠራል። ቴሌ ሄጄ ተሰልፌ መስመሩን በስሜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ራውተሩን የተከለው ደግሞ ምንዋጋው ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ስለነበር ማንም አልተከራከረውም።

እሑድ በእራት ሰዓት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንድገባ መፈቀዱን ለቤተሰቡ ተናገርኩ። እስከ ዓርብ ድረስ «ቦታውን ተቀብያለሁ» ብዬ በኢሜይል ካልመለስኩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አባቴ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት መረቁኝ። ምንዋጋው እንጀራ የጠቀለለበትን እጁን መልሶ መሶቡ ላይ አኖረ።

«አንቺ ከሄድሽ አባባንና እማን ማን ያያቸዋል?»

«አንተ የጎረቤት ልጅ ነህ?»

እናቴ ሳቋ አመለጣትና አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ሲንጎዳጎድ የት አየሽ?» አለ።

«እሳት ወንድና ሴት አይለይም። እስቲ ቀረብ በለውና ይለይህ እንደሆነ እናያለን።»

በማግስቱ ላፕቶፔ ኢንተርኔት እምቢ አለ።

ላቦራቶሪ የሠራ ሰው ጥፋት ሲፈልግ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አይነካካም። አንዱን ይቀይራል፣ ያያል፤ ከዚያ ሌላውን ይቀይራል። የራውተሩን መብራቶች አየሁ፤ ሁሉም በርተዋል። የምንዋጋው ኮምፒውተር ይሠራል። የእሱን ገመድ ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፤ አልሠራም። የእኔን ገመድ የእሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፤ ሠራ። እንግዲህ መስመሩም ገመዱም ጤነኞች ናቸው ማለት ነው። ራውተሩ እምቢ ያለው የእኔን ላፕቶፕ ብቻ ነው፤ ራውተር ደግሞ በራሱ ሰው አይጠላም።

ምንዋጋው የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ በየትኛው ቁጥር እንደሚከፍተው አይቼ ስለነበር ያንኑ ጻፍኩ። ገጹ ወጣና መጠሪያና ቁልፍ ቃል ጠየቀኝ። ከፋብሪካ ሲመጣ የነበረው ሁለቱም «አድሚን» ነው፤ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ታትሟል። ያንን ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። ቃሉ ተቀይሯል።

ማክሰኞ ለምሳ ሲመጣ ጠየቅሁት። አልካደም።

«እስኪገባሽ ድረስ ነው» አለኝ።

«የሚገባኝ ነገር ምንድን ነው?»

«ቤት ማለት ምን እንደሆነ።»

ራውተሩን ከምስማሩ ላወርድ እጄን ስሰድ የእጄን አንጓ ያዘኝ። ተናነቅን። እናቴ ስትደነግጥ አማርኛው ስለሚጠፋት በኽምጣኛ እየጮኸች ወጣችና የንስሐ አባታችንን ቄስ ትእዛዙን ከአጥር ማዶ ይዛቸው መጣች። ግዝቱ የመጣው እንዲህ ነው።

ኢሜይሉን ሌላ ቦታ ሄደሽ አትልኪም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሆስፒታላችን መስመር አልነበረውም። ገበያው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤት ስልኩ ከሞተ ሰንብቷል። የቀረው የምንዋጋው መሥሪያ ቤት ነው።

ረቡዕ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ላፕቶፕ ተዋስኩ። የተገዘተው ራውተሩን መንካት ነው እንጂ መጠቀም አይደለም፤ ምንዋጋውም ሲጠቀም ነው የዋለው። ክፍሌ ውስጥ ያለውን የገመዱን ጫፍ ሰካሁ፤ ሠራ። እንደጠረጠርኩት የተከለከለው የእኔ ዕቃ ብቻ ነበር። የኢሜይሉ ገጽ እንደ ልማዱ እየተጎተተ ተከፈተ። «ለተከበረው» ብዬ ጀምሬ የመጀመሪያውን መስመር ሳልጨርስ ገጹ ደረቀ። ሌላ ገጽ ሞከርኩ፤ የለም። በሩን ከፍቼ ራውተሩን አየሁት፤ መብራቶቹ ሁሉ በርተዋል። ከግድግዳው ወዲያ የምንዋጋው ኪቦርድ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«አሁን ምን አደረግህ?» አልኩት በሩ ላይ ቆሜ።

«እኔ? ከወንበሬ አልተነሣሁም። ራውተሩ ያለው ሳሎን ነው፤ እኔ ያለሁት እዚህ።» እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝ። «ግዝት እኮ አለብን፣ ሠርካለም።»

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቄስ ትእዛዙ ነገሩን ሊያዩ መጡ። አባቴ መደባቸው ላይ ተቀመጡ። እናቴ በሩ አጠገብ ብርሃን ፈልጋ ስፌቷን ይዛለች። ምንዋጋው ከሥራ ቀርቶ ነበር።

«አባ፣ ግዝቱ ፈርሷል» አልኩ። «ትናንት ሌላ ላፕቶፕ ሰክቼ ሠራልኝ። እየሠራሁ ሳለ ዘጋብኝ።»

«ዕቃውን ሲነካ አይተሽዋል?»

«አልነካውም።»

«ታዲያ በምን ዘጋው?»

«ከራሱ ኮምፒውተር ሆኖ ያዘዋል። ማስተካከያው ገጽ ላይ ገብቶ ይህን አስገባ፣ ይህን አውጣ ይለዋል፤ ራውተሩም ይታዘዛል። ቁልፍ ቃሉ ያለው እሱ ዘንድ ብቻ ነው።»

ቄሱ ራውተሩን ቀና ብለው አዩት፤ ቀጥሎም ምንዋጋውን። «እውነት ነው?»

«እጄ አልነካውም፣ አባ። ቃልዎ ደግሞ እንዳትነኩ ነው የሚለው።»

 አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቄስ ትእዛዙ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከላይ ያለ ሰው የመስኖውን ቦይ በድንጋይ ቢደፍነው፣ የታችኛውን ሰው ማሳ ረግጧል?»

«አልረገጠም፣ መሪጌታ።»

«ማሳውስ?»

 «ማሳው ይደርቃል» አሉ ቄሱ ጢማቸውን ይዘው። «እኛም እንዲህ ያለውን ሰው እንቀጣዋለን። ምንዋጋው፣ ነክተኸዋል።»

«አባ፣ ይሄ ቴክኖሎጂ ነው እንጂ የሽንኩርት መደብ አይደለም!»

«ሽንኩርቱስ ቢሆን ቦዩን የከፈተውን ያመሰግናል» አለች እናቴ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ደስ አለኝ፤ ግን ቸኩዬ ነበር። ቄስ ትእዛዙ ፍርዳቸውን ቀጠሉ። ግዝት እንዲሁ በሳሎን አይፈታም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ ይቅር ተባብለን፣ እዚያው ይፈቱናል። እስከዚያ ዕቃው እንደተገዘተ ይቆይ።

«አባ፣ ነገ ዓርብ ነው» አልኩ።

ምንዋጋው ይህን ሲጠብቅ ነበር። «እኔ በልጅቷ አልጨክንባትም» አለ፤ እኔ እዚያ የሌለሁ ይመስል። «ለአንድ ሰዓት እከፍትላታለሁ። በኮምፒውተሬ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ። ብቻ ይቅርታ ትጠይቀኝ።»

«ይኸው ተገኘ!» አሉ ቄሱ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው። «እሱ እንደሆነ ነክቶታል፤ ለዚህ አንድ ነገር እኔ እፈቅድለታለሁ። ዕርቅም ይሆናል። ልጄ፣ አንዲት ቃል ናት።»

ሁሉም አዩኝ። እውነቱን ለመናገር ቃሏ አንዲት ነበረች። ብላት ኖሮ ኢሜይሉ ይሄዳል፤ ጎንደርም እገባለሁ። ግን ዛሬ ራርቶ የከፈተልኝ ሰው ነገ ደብሮት ይዘጋብኛል፤ የከፈተውም የዘጋውም ያው እጅ ነው።

«ይቅርታ የሚጠይቅ ያጠፋ ሰው ነው» አልኩ። «እኔ ያጠፋሁት የለም። መስመሩ በስሜ ነው፤ ቤቱም የአባቴ ነው። በገዛ ቤቴ ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ የምጽፈውን ደብዳቤ አልጽፍም።»

«እንግዲያው ይቅርብሽ» አለ ምንዋጋው።

«አባ፣ ይፍቱኝ።»

«እሑድ አልኩሽ እኮ።»

«ካልፈቱኝም እነካዋለሁ። እንደ እሱ ከጓዳ ሆኜ አይደለም። እርስዎ ቆመው እያዩኝ ነው የምነካው።»

ቄስ ትእዛዙ መስቀላቸውን አነሡ፤ መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ምንዋጋው ግን ብድግ አለ። «ንኪው! ያቺን ቀዳዳ ስትወጊያት ያለው ሁሉ ይጠፋል። የመስመሩ ቅንብር፣ ሁሉም። ሰው ከወልድያ መጥቶ እስኪያስነሣው መስከረም ይጠባል። ያኔ ጎንደርሽን በሕልምሽ ታያታለሽ!»

ስለሚጠፋው ነገር የተናገረው ትክክል ነበር። ከራውተሩ ጀርባ ያለችው ቀዳዳ ውስጥ አንዲት መጫኛ አለች፤ ያዝ አድርገው ሲጫኗት ዕቃው ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። የእሱ ቁልፍ ቃል ይጠፋል፤ መስመሩም አብሮ ይጠፋል።

«እማ፣ ወስፌውን ስጪኝ» አልኩ።

እናቴ አባቴን አየች። አባቴ መጻሕፍታቸውን ያያሉ። ቄሱን አየች። ከዚያ ወስፌውን ከስፌቱ መዝዛ ቀሚሷ ላይ ጠረገችና እጀታውን ወደ እኔ አዞረችው።

«ወለተ ሰንበት!» አሉ ቄሱ።

«እኔን አልገዘቱኝም፣ አባ። ሁለቱን ነው። ከፈለገች እኔ ልውጋላት።»

«አይሆንም፣ እማ። የእኔ ነው» አልኩ።

ራውተሩን ከምስማሩ አወረድኩት፤ ሞቅ ይላል። ወስፌውን ቀዳዳዋ ውስጥ አስገብቼ ተጫንኩ፤ መብራቶቹ ሁሉ ድርግም ብለው እስኪጠፉ ድረስም አልለቀቅኩም።  ቆይተው አንድ በአንድ በሩ፤ የመጨረሻው፣ የኢንተርኔቱ፣ ጨልሞ ቀረ።

ላፕቶፔን አምጥቼ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የማስተካከያውን ቁጥር ጻፍኩ። ገጹ አልወጣም።

«አላልኩም?» አለ ምንዋጋው።

መብራቶቹን ደግሜ አየሁ። የኃይሉ መብራት በርቷል። የገመዱም በርቷል። እንግዲህ ችግሩ ከአድራሻው ነው። ራውተሩን ገልብጬ ከሥሩ የተለጠፈውን አነበብኩ፤ የፋብሪካው አድራሻ በመቶ ዘጠና ሁለት ይጀምራል። የምጽፈው ምንዋጋው ያወጣለትን፣ በዐሥር የሚጀምረውን ነበር። አስተካክዬ ጻፍኩ። አሁንም እምቢ።

«ቴክኖሎጂ ነው አልኩሽ።»

ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙናው ደህና ሆኖ ውጤቱ ሲበላሽ፣ መጨረሻ ላይ የሚመረመረው የራስ መሣሪያ ነው። የላፕቶፔን የኔትወርክ ቅንብር ከፈትኩ። እዚያ ቋሚ ቁጥር ተጽፎበታል፤ በዐሥር የሚጀምር። የጻፈልኝ እሱ ነው፣ መስመሩ የገባ ሰሞን። ራውተሩ ወደ ድሮ ሰፈሩ ተመልሷል፣ የእኔ ላፕቶፕ ግን በአዲሱ ሰፈር ቆሞ ይጣራል፤ እንዴት ይሰማማሉ? ቁጥሩን አጥፍቼ አድራሻውን ራውተሩ ራሱ እንዲሰጠኝ አደረግሁ።

ገጹ ወጣ። አድሚን፤ አድሚን። ገባሁ።

ምንዋጋው ከጀርባዬ መጥቶ ጎንበስ አለ። «የመስመሩን መጠሪያና ቃል ከየት ታመጪዋለሽ?»

ፈርሜ የተቀበልኩ ቀን ቴሌ ግቢ ውስጥ ቆሜ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ የቴሌው ሠራተኛ የነገረኝን ሁለት የመስመር ቁጥሮች ጭምር። በመሪጌታ ቤት ያደገ ሰው ያገኘውን ሁሉ በቃሉ ይይዛል፤ ምንዋጋው ይህን ረስቶታል። ጻፍኩና አስቀመጥኩ። የመጨረሻው መብራት እንደጨለመ ቆየ።  ብልጭ አለ፤ ጠፋ፤ እንደገና ብልጭ አለና በርቶ ቀረ።

«ቦታውን ተቀብያለሁ» ብዬ ላክሁ። መላኩን ካረጋገጥኩ በኋላ ወደ ማስተካከያው ተመልሼ ቁልፍ ቃሉን ቀየርኩ። ራውተሩን መልሼ ሰቀልኩ፤ ወስፌውንም ለእናቴ መለስኩ።

ምንዋጋው ክፍሉ ገብቶ ወጣ። «የእኔ ተቋርጧል።»

«ያንተም ላይ ቋሚ ቁጥር አለ። አጥፋው፣ ይሠራል።»

«ቃሉስ?»

«ለመጠቀም ቃል አያስፈልግህም። ቃሉ የሚያስፈልገው ለሚዘጋ ሰው ነው።»

ቄስ ትእዛዙ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሡ። «ልጄ፣ ግዝት ጥሰሻል።»

«ጥሻለሁ፣ አባ። ቀኖናዬን ይስጡኝ።»

ለሁለታችንም እኩል ስግደት ሰጡን። ምንዋጋው «እኔ እኮ አልነካሁትም!» እያለ እስከ አጥሩ በር ተከተላቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎን ለጎን ሰገድን። እኔ የሰገድኩት ግዝቱን ስለጣስኩ ነው። ራውተሩን ስለነካሁ አንድም አልሰገድኩም፤ ይህንንም ለቄሱ ነገርኳቸው።

መስከረም ላይ ከመሄዴ በፊት ቁልፍ ቃሉን በአባቴ ጆሮ ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን አንዴ ብቻ አንቀሳቀሱ። የድጓ መምህር ናቸው፤ ይድገሙልኝ አላልኳቸውም።

ጥቅምት ላይ ምንዋጋው ጎንደር ደወለልኝ።

«አባባ ቃሉን አልነግርህም አሉኝ።»

«ለምን ፈለግኸው?»

«እንዲያው ለማወቅ።»

«መስመሩ እምቢ አለህ?»

«ኧረ ይሠራል።»

«ታዲያ በማን ላይ ልትዘጋ ነው?»

 ከጀርባው የሚንተከተክ ነገር ይሰማኛል፤ ሽሮ መሥራት መጀመሩን እናቴ ነግራኛለች።

«እሳቱስ፣» አልኩት፣ «ለየህ?»

«ሥራሽን ሥሪ!» ብሎ ስልኩን ዘጋው።