አራተኛው ሳጥን

4.

ይቀጥል።

1.

ቁጥሩ ከአራት የጀመረው በስሕተት አይደለም። ነገሩ የጀመረው እዚያ ነው።

ትርሲት በምትሠራበት የውኃ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚሄደው በሶፍትዌር ነው፤ በነጻ የሚወርድ፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ። የተከለው እዚያው ይሠራ የነበረው ባሏ በልሁ ነበር። እያንዳንዱ የሥራ ደረጃ በስክሪኑ ላይ አንድ ሳጥን ነው፤ ከሳጥን ሳጥን ቀስት ይሄዳል። አራተኛው ሳጥን፣ የቴክኒክ ምርመራው፣ የራሱ የበልሁ ነው።

በልሁ ከሞተ ስምንት ወሩ።

2.

ሳጥኑን የነካው የለም። መጀመሪያ ለሐዘኑ ሲባል ተተወ፤ ኋላ ተረሳ። ማመልከቻዎቹ ግን ይገባሉ፤ በማግስቱም «ይቀጥል» ተብሎባቸው ይወጣሉ።

እታለም (ከመዝገብ ቤት)፦ ነፍሱን ይማረውና፣ በሕይወት እያለ እንኳ እንዲህ ቶሎ መልሶልን አያውቅም!

(ትርሲት ከስክሪኗ ቀና አለች።)

እታለም፦ ውይ፣ አፌ ይቆረጥ! ይቅር በይኝ፣ ትርስዬ።

ትርሲት፦ ግድ የለም። በራሱ እንዲያሳልፍ አድርጎ ሠርቶት ይሆናል።

3.

ኮዱን ከፈተችው። ሦስት ጠዋት ሙሉ መስመር በመስመር አነበበች። በራሱ የሚያሳልፍ ትእዛዝ

የለም።

ለማንም አልተናገረችም።

5.

አንድ ማመልከቻ ብቻ ሳያልፍ ተመለሰ፤ እንዲህ ተጽፎበት፦ «ከሾላው ሥር አሮጌ ቧንቧ አለ፤ ካርታው ላይ የለም።»

ሠራተኞች ሄደው ቆፈሩ።

አለ።

6.

አቶ ምንዳዬ (ሥራ አስኪያጅ)፦ ወይዘሮ ትርሲት፣ ኦዲተሮች እየመጡ ነው። የሞተ ሰው ሲፈርም ቢያዩ ምን እላቸዋለሁ? እስከ ምሳ ድረስ ስሙን ይሰርዙልኝ።

ትርሲት፦ ሶፍትዌሩ እምቢ ይላል። ክሊራንስ፣ የመሰናበቻ ቅጹን ማለቴ ነው፣ ያልጨረሰ ሠራተኛ አይሰረዝም።

አቶ ምንዳዬ፦ ይህን ደግሞ ማን አመጣው?

ትርሲት፦ እርስዎ ነዎት ያዘዙት። ንብረት ሳይመልስ የሚጠፋው በዝቶ ነበር።

አቶ ምንዳዬ፦ ታዲያ ማን ይፈርማል?

ትርሲት፦ ራሱ ለቃቂው።

አቶ ምንዳዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ይላኩለት» አሉ። አልሳቁም።

ከፈረመ ሳጥኑ ይዘጋል። ትርሲት በየማለዳው ከሁሉ ቀድማ ቢሮ የምትገባው ያችን አንዲት ቃል ለማየት እንደ ነበር የሚያውቅ የለም። (ቁጥር 4ን እንደገና ያንብቡት። ከእሱ የቀራት ያ ብቻ ነው።)

7.

የመሰናበቻ ቅጽ

ስም፦ በልሁ አያና
የሚለቁበት ምክንያት፦
ላፕቶፕ፦ ተመልሷል
የቢሮ ቁልፍ፦ ተመልሷል
መታወቂያ፦ ተመልሷል*
በእጅዎ የቀረ ነገር ካለ ይግለጹ፦ (በለቃቂው የሚሞላ)

* ከኮቱ ኪስ ያወጣችው እሷ ናት። ኮቱን አልመለሰችም።

ምክንያቱን ባዶ ተወችው። ላከችው። ከዚያ እጆቿን ከኪቦርዱ አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገች።

8.

እንደ ሌላው ጊዜ እስከ ማግስቱ አልቆየም። ረፋድ ነበር፤ ፀሐዩ ጠረጴዛዋ ላይ። ቅጹ ላይ ከስሙ አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ በራ፤ ጠቋሚው በመጨረሻው መስመር ላይ ብልጭ ድርግም አለ።

በልሁ እየጻፉ ነው…

በልሁ እየጻፉ ነው…

በእጅዎ የቀረ ነገር ካለ ይግለጹ፦