ከክትትል የጠፉት

ጫማ ሰሪው፣ ሰው ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ማስቲሽና ቆዳ በምትሸት ክፍል ተቀምጦ እግራቸውን ለታመሙ ሰዎች ልዩ ጫማ ሲሠራ ኖሯል። አንድ እግሩ ላጠረበት ታኮ ይጨምርለታል፣ ጣቱ ለተቆረጠ ባዶውን ቦታ በስፖንጅ ይሞላለታል፣ ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ላለው ደግሞ ሶሉን እንደ ጀልባ ሆድ ያጎብጥለታል። የሆስፒታሉ ሰዎች "ሜትር" ይሉታል፤ ዓይኑ ብቻ ሴንቲሜትር ይለካል እያሉ።

አንድ አመል ነበረው፤ ወረቀት አይጥልም። በሽተኛው ሲመጣ ባዶ እግሩን ወረቀት ላይ አስቁሞ ዙሪያውን በእርሳስ ያነሣል፣ ቀኑን ይጽፋል፣ ሐኪሙ ፈርሞ የላከውን የጫማ ማዘዣ በስፒል ያያይዝና መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ሟች ሚስቱ "ባል አገባሁ ብዬ መዝገብ ቤት ገባሁ" እያለች ትስቅበት ነበር።

ይህ ሰው እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያያት አንዲት ታናሽ እህት ነበረችው። የሒሳብ አስተማሪ ናት። ከዓመታት በፊት ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ወድቃ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ነበር። ስብራቱ ቢጠገንም መገጣጠሚያው እያደር አለቀ፤ አጥንት ካጥንት ይፋጭ ጀመር። አርባ አራት ዓመት ሲሞላት ሰሌዳው ፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ቆማ መጨረስ አቃታት።

የአጥንት ክፍሉ ፕሮፌሰር በዚያው ሰሞን አዲስ ጥናት ጀምሮ ነበር። ያለቀን ቁርጭምጭሚት በብሎን አጣብቆ ከማድረቅ ይልቅ፣ ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ፣ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ መትከል። "እንደ ልጅነትሽ ትራመጃለሽ" አላት። ለወንድሟ ነገረችው። "ምን ትጠብቂያለሽ? ፈርሚ እንጂ" ያላት ራሱ ጫማ ሰሪው ነበር። በኋላ ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ይኸው ቃሉ ነው።

ስድስት ወር ደህና ሆነች። በስምንተኛው ወር ሕመሙ ተመለሰ። ፕሮፌሰሩ ዘንድ ሄደች፤ "ክብደት ቀንሺ" አላት። ደግማ ሄደች፤ "ሕመሙ ያለው እግርሽ ላይ ሳይሆን ሐሳብሽ ላይ ነው" አላት። በአሥራ አራተኛው ወር ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት የጫማ ማዘዣ ፈርሞ ወደ ምድር ቤት ላካት። የምትላክበት ሰው ወንድሟ መሆኑን አያውቅም፤ ጠይቆም አያውቅ። ጫማው ምን ያደርጋል? ብረቱ የተቀመጠበት አጥንት እየተበላ ነበር። ቁስሉ ተከፈተ፣ መግል ያዘ፤ በመጨረሻ ሌላ ሆስፒታል ገብታ እግሯ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ በሰው ሠራሽ እግር እየሄደች ወንድሟ ቤት ትኖራለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊዚዮቴራፒስቷ መጽሔት ይዛ ወረደች። በጥናቱ ውስጥ የበሽተኞቹን አካሄድ ትለካ የነበረች፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጋሼ፣ ተቀመጥ" አለችው።

"ተቀምጫለሁ እኮ።"

"እንግዲያው እንዳትነሣ።"

የፕሮፌሰሩ ጥናት ታትሞ ወጥቷል። ለሃምሳ ስምንት ሰዎች ተተክሏል ይላል። አርባ ዘጠኙ ሁለት ዓመት ክትትል ተደርጎላቸው አርባ ስድስቱ ደህና ናቸው፤ ከመቶ ዘጠና አራት መሆኑ ነው።

"የቀሩት ዘጠኙስ?"

"ከክትትል ጠፍተዋል ይላል።" ጣቷን በመጨረሻው ገጽ ሠንጠረዥ ላይ አሳርፋ አነበበችለት። "ሴት፣ አርባ አራት ዓመት፣ ቀኝ እግር፣ ከስድስተኛው ወር በኋላ ጠፍታለች።"

"ጠፍታለች?" አለ ጫማ ሰሪው። "ታዲያ ዛሬ ጠዋት ሻይ አፍልታ የሰጠችኝ ማን ናት?"

ተነሣና መሳቢያውን ሳበ። የእህቱን ወረቀት አወጣ፤ የአሥራ አራተኛው ወር ቀን፣ የፕሮፌሰሩ ፊርማ። ከዚያ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተንበርክከው ዕድሜና ቀኝ ግራ እያመሳከሩ መሳቢያዎቹን በረበሩ። የልብስ ማጠቢያው ሠራተኞች ወደ ቤት ለመሄድ የሥራ ካፖርታቸውን ሲያወልቁ ዘጠኙም ተገኝተው ነበር። ጠፍተዋል የተባሉት ሁሉ ጠፉ ከተባሉበት ወር በኋላ በፕሮፌሰሩ እጅ ታይተው፣ በፕሮፌሰሩ ፊርማ ወደዚህች ክፍል ተልከዋል። ሰውየው ያልሆነለትን ሁሉ ወደ ምድር ቤት እየላከ፣ ላይ ቤት "ጠፋ" እያለ ይጽፍ ነበር።

"ነገ ጠዋት ለጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴው እናስገባ" አለች ፊዚዮቴራፒስቷ።

"አይሆንም። ኮሚቴ በር ዘግቶ ይመክራል፣ በር ዘግቶ ይቅር ይላል።" ከአራት ወር በኋላ በሆስፒታሉ አዳራሽ የእግርና የቁርጭምጭሚት ቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ አለ። ፕሮፌሰሩ ይህንኑ ጥናት ያቀርባል፤ በዚያው ቀን የአዲሱ ማእከል ኃላፊ ሆኖ ይሾማል ተብሎ ተወርቷል። "ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ነው ከሥሩ የምስበው።"

"እስከዚያ ድረስ እኮ መትከሉን አያቆምም፣ ጋሼ።"

ወረቀቶቹን ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው። "ወረቀቱ የአንተ ነው፤ እኔ ግን ተናግሬአለሁ" ብላ ወጣች።

እነዚያን አራት ወራት ጫማ ሰሪው የኖረው በቂሙ ነው። ቂም ስንቅ ይሆናል ሲባል ሰምቶ አያምንም ነበር፤ ጠዋት በጊዜ የሚያስነሣው፣ ደረጃውን እንደ ጎረምሳ የሚያስወጣው እሱ ሆነ። በመሐል ፕሮፌሰሩ ቡናማ ጫማውን ሶሉ እንዲቀየርለት ላከ። ጫማ ሰሪው የቀኙን አንሥቶ ከታኮው ላይ ስድስት ሚሊሜትር ብቻ ቢልጥለት በወር ውስጥ ወገቡን፣ በዓመት ውስጥ ጉልበቱን እንደሚያሳጣው አሰበ። ቢላዋውንም አነሣ። ኋላ ግን "እርጅና ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ከማን እንደመጣበት ካላወቀ ምኑን ተበቀልኩት?" አለና አሳምሮ ሠርቶ፣ ቀለም ቀብቶ ላከለት።

ስምንቱን አንድ በአንድ ፈለጋቸው። አንዱ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል በግራ እግሩ መርገጥ ለምዶ ስፌቱ ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላል። አንዷ የሆቴል አልጋ አንጣፊ የነበረች ናት፤ አሁን ተቀምጣ ፎጣ ታጥፋለች። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሥራውን አጥቷል። አንዷ በሌላ ሕመም ሞታ ባሏን አገኘ። ከዘጠኙ የሰባቱ ብረት ላልቋል ወይም ወጥቷል። ሁሉንም የሚጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነበር፦ "ጠፍተው ነበር?" ሹፌሩ ሳቀና "ሚስቴም እንዲህ ብላ አታውቅ" አለው። ሁሉም እንመጣለን አሉ።

እምቢ ያለችው የገዛ እህቱ ናት።

"መድረኩ ላይ ትወጫለሽ" አላት። "ሰው ሠራሽ እግርሽን ፈትተሽ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጭለታለሽ።"

ደብተር ታርም ነበር፤ እስክሪብቶዋን አኖረች። "እሱ ቁጥር አደረገኝ። አንተ ደግሞ ዕቃ ልታደርገኝ ነው?"

"ላንቺ ብዬ እኮ ነው!"

"ለእኔ ብለህ ከሆነ እኔን ጠይቀኝ። ያኔ ፈርሚ ያልከኝ ሰው፣ አሁን ደግሞ ፍቺ ትለኛለህ።"

ያ ቃል ከጥፊ ይብስ ነበር። ጫማ ሰሪው ለሦስት ቀን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። በአራተኛው ቀን ራሷ "እመጣለሁ፤ የምናገረውን ግን እኔ አውቃለሁ" አለችው።

የጉባኤው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፕሮፌሰሩ በቡናማ ጫማው እየተንጎማለለ ሥዕል ያሳያል። ከመቶ ዘጠና አራት ሲል ጭብጨባ ሆነ። አንዲት እንግዳ ሐኪም እጇን አውጥታ ስለ ዘጠኙ ጠየቀችው።

"እንደሚታወቀው" አለ ፈገግ ብሎ፣ "ሕዝባችን ሲድን ወደ ሐኪም አይመለስም። የጠፉት ከዳኑት መካከል እንደሚሆኑ እንገምታለን።"

ጫማ ሰሪው ከኋላ ተነሣ። በሥራ ሽርጡ ነው የመጣው። "ፕሮፌሰር፣ የጠፉትን አግኝተናቸዋል።"

"ማነህ አንተ?"

"ጫማዎን የምሠራው ነኝ። እነሱንም ወደኔ የላኳቸው እርስዎ ነዎት።" ማዘዣዎቹን ከፍ አድርጎ ያዘ። "ቀን አላቸው፤ ፊርማዎ አለባቸው። ግቡ!"

በሩ ተከፈተና ገቡ። እንዴት እንደገቡ ያየ አይረሳውም። አንዱ እያነከሰ፣ አንዷ በክራንች፣ አንዱ የሚስቱን ጫማ በጨርቅ ጠቅልሎ። ኮቴያቸው ሁሉ የተለያየ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከሱ በቀር የሚሰማ አልነበረም። እያንዳንዱ በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈውን ራሱን ተናገረ፦ "ወንድ፣ ሃምሳ ዓመት፣ ግራ እግር። አልጠፋሁም።" "ሴት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት፣ ቀኝ እግር። አልጠፋሁም።"

እህቱ መጨረሻ ገባች። ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ። ምንም አልፈታችም።

"ያስታውሱኛል?" አለችው።

ፕሮፌሰሩ ፊቷን አየ፤ ዓይኑ ወዲያው ወደ እግሯ ወረደ። እዚያም የሚያውቀው ነገር አላገኘም።

"ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ አይተውኛል። የጻፉት ስህተት ቢሆን ይቅር እልዎት ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስህተትን አውቀዋለሁ። ስህተት ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ አይጠቅምም።"

ፕሮፌሰሩ ውሃ ጠጣ። "ይህ ቦታው አይደለም" አለ። "በቢሮ እንነጋገር" አለ። ወረቀቶቹን ሲሰበስብ ሁለቱ ከእጁ ወደቁ፤ ያነሣለት አልነበረም። ጫማ ሰሪው ሰውየው በጎን በር እስኪወጣ ዓይኑን አልነቀለም። ላቡን አየ፣ አንገቱን መድፋቱን አየ፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሰዎች ስለ በቀል ሲያወሩ ባዶ ነው ይላሉ። ለሱ ባዶ አልነበረም፤ ጣፋጭ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ እያላመጠ ከረመ።

ኮሚቴው ዘጠኙን አስገብቶ ሲቆጥር፣ ከመቶ ስድስት ተብሎ የነበረው ውድቀት ከመቶ አሥራ ሰባት ሆነ። ጥናቱ ከመጽሔቱ ተሰረዘ፣ ሹመቱ ቀረ፣ ፕሮፌሰሩም ከቀዶ ጥገና ታገደ። በምድር ቤቱ ኮሪደር የሚያልፉ ሁሉ "ሜትር፣ አበጀህ!" ይሉት ጀመር።

ፊዚዮቴራፒስቷ ብቻ አላመሰገነችውም። መጥታ አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "በአራቱ ወር ውስጥ የተተከለላቸው ናቸው። አሥራ አንድ። ለምርመራ እየተጠሩ ነው። እኔም ዝም ብያለሁና ብቻህን አይደለህም" አለችው። ዓይኖቿ ቀልተው ነበር።

ከአሥራ አንዱ የሁለቱ አጥንት መበላት ጀምሮ ተገኘ። አንዷ ግድግዳ ቀለም ቀቢ ናት። ብረቱ ወጥቶ ቁርጭምጭሚቷ በብሎን ደረቀ፤ ጫማ ታዘዘላትና ወረደች። ጥፍሯ ሥር ነጭ ቀለም አለ።

"አንተ ነህ አሉ ያጋለጥከው" አለች ገና ሳትቀመጥ። "እግዜር ይስጥህ! መሰላል ላይ መውጣት ቀረብኝ፤ ግን እሱም የእጁን አገኘ። መቼ ደረስክበት?"

መዋሸት ይችል ነበር። ሴትየዋ የምታውቀው ነገር የለም፤ "ከጉባኤው ዋዜማ" ቢላት አመስግናው ትሄዳለች። ምላሱ ግን አልታዘዝ አለው።

"ከጉባኤው አራት ወር በፊት።"

ካልሲዋን እያወለቀች ነበር። እጇ ቆመ። "እኔ የተተከለልኝ እኮ..."

"አዎ። ካወቅኩ በኋላ ነው።"

ካልሲዋን መልሳ አጠለቀች። አልጮኸችም፣ ቀስ ብላ ነው ያወራችው። "ለእህትህ ተበቀልክላት። ለእኔስ? እኔ የማን እህት ነኝ?" ማዘዣዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። "ካንተ እጅ ጫማ ካደረግኩ እርም ይሁንብኝ። ባዶ እግሬን እሄዳለሁ።"

በሁለተኛው ሳምንት ከኮሚቴው ደብዳቤ ደረሰው። ቀለም ቀቢዋ ከስሳዋለች። ጥያቄው አንድ ነበር፦ ማስረጃው እጅህ የገባው በየትኛው ቀን ነው? ለምንስ አቆየኸው?

ቤት ይዞት ሄደና ለእህቱ አነበበላት። "ሥራህን ያስለቅቁሃል" አለችው።

"ያስለቅቁኝ። ሴትየዋ እውነቷን ነው።"

ወረቀት አወጣ። የፊዚዮቴራፒስቷን ስም እንደማያነሣ አስቀድሞ ወስኗል። "ብቻዬን አገኘሁት፤ ሲዋረድ ላየው ፈልጌ አቆየሁት" ብሎ ጻፈ። ቀኑ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ትንሽ ዘገየ።

እህቱ ከትከሻው በላይ ቆማ ታይ ነበር። "ቀኑን በትክክል ጻፍ" አለችው።

ጻፈው።